ባሌ ተራሮች ላይ ብቻዬን ልሁን ብዬ የሠራኋቸው ስህተቶች

«ሰው ሰለቸኝ፣ የሆነ ቦታ ሄጄ ብቻዬን ልሁን» ያላለ አዲስ አበቤ አለ? እኔም ይህንኑ ብዬ ነው አንድ ጥር ላይ ድንሾ የገባሁት። ድንሾ ከአዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች፤ የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጽሕፈት ቤት እዚያ ነው። ደህና ገብቼ ደህና ወጣሁ። ግን ስንት ስህተት ሠርቼ!

የመጀመሪያው ድራሼን ማጥፋቴ ነው። ለማንም አልተናገርኩም። ተራራው ላይ ደግሞ ኔትወርክ አይታመንም። እናቴ በሦስተኛው ቀን ግማሹን ዘመድ ሰብስባ ጠበቀችኝ። ለአንድ ሰው ብቻ ንገሩ፦ የት እንደምትሄዱ፣ መቼ እንደምትመለሱ፣ ከስንት ሰዓት በኋላ መፈለግ እንዳለበት። ከዚያ ስልኩን መዝጋት ትችላላችሁ።

ሁለተኛው፣ አስጎብኚውን እንደ እንቅፋት ማየት። «ብቻዬን ልሁን ብዬ መጥቼ ደግሞ ሰው ይከተለኛል?» ብዬ ተነጫነጭኩ። የደረሱኝ አንድ ጎልማሳ ሰውዬ ነበሩ። ወንዝ ዳር ስቀመጥ እሳቸው ራቅ ብለው፣ የፈረሱን ገመድ እጃቸው ላይ ጠምጥመው፣ ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ይቀመጣሉ። በቀን ሃያ ቃል አንነጋገርም። አንዴ ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ «ተነስ» አሉኝ። ብዙም ሳንርቅ ጉሙ ወርዶ የፈረሱ ጆሮ እንኳ አልታይ አለኝ። ደግሞስ ያ አገር ባዶ አይደለም። ከብት የሚጠብቅ፣ በፈረስ ገበያ የሚሄድ ሰው አለ። ሰላምታ ሳይሰጡ ማለፍ ነውር ነው፤ «አከም» ማለት አያቅትም።

ሦስተኛውን እኔ አልሠራሁትም፤ ጓደኛዬ ግን ሠርቶታል። ከጎባ በመኪና ተነስቶ በአንድ ጊዜ ሳኔቲ የሚባለው አምባ ላይ ወጥቶ አደረ። ሳኔቲ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው፤ እዚያው ያለው የቱሉ ዲምቱ ጫፍ 4,377 ይደርሳል። «እኛ ከፍታ ለምደናል» እንላለን። አዲስ አበባ እኮ 2,400 ገደማ ናት! ሌሊቱን ራሱ ሲፈነዳና ሲያስመልሰው አደረ። ከ3,000 ሜትር በላይ የምታድሩበትን ቦታ በአንድ ሌሊት ከ500 ሜትር በላይ ከፍ አታድርጉ። ራስ ምታት ከጀመረ ወደ ላይ መቀጠል የለም። ከባሰ፣ ወይም እንደ ሰካራም መንገዳገድ ከመጣ፣ ሌሊትም ቢሆን መውረድ ነው።

ብርዱንም አትናቁት። ጠዋት ድንኳን ውስጥ የላስቲክ ውሃዬ በረዶ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ጋቢ ደረቅ ሲሆን ደስ ይላል፤ ከረጠበ ግን ድንጋይ መሸከም ነው።

የባሰው ሞኝነቴ ሱባኤንና ተራራን ማደባለቄ ነው። ሁለተኛው ቀን ረቡዕ ነበር፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እጾማለሁ ብዬ ተነሳሁ። ገዳም ሱባኤ የገባ ሰው እኮ በአንድ ቦታ ተቀምጦ ይጸልያል እንጂ ፈረስ እየተከተለ ዳገት አይወጣም። ሰባት ሰዓት ላይ ጉልበቴ ተንቀጠቀጠ። ሰውዬው ምንም ሳይሉ ከከረጢታቸው ጭኮ አወጡ።

«ቅቤ አለው?»

«አለው።»

በላሁ።

ልባችሁ በጣም ተሰብሮ ከሆነ ግን ባትሄዱ ይሻላል። ለቅሶ ላይ ያለን ሰው ብቻውን የማንተወው ያለ ምክንያት አይደለም። እንዲህ ያለ ጊዜ የሚያስፈልገው ሰው ነው፣ ካስፈለገም ሐኪም።

የመጨረሻው የብዙዎቻችን ነው፦ በመጀመሪያው ቀን ተአምር መጠበቅ። እግሬ ባሌ ደርሶ ልቤ መገናኛ ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆማ ነበር። የቤት ኪራይ፣ አለቃዬ፣ ያልመለስኩት ቴክስት። በሁለተኛው ቀን ደግሞ ድብርት መጣ፤ ብዙ ሰው ሻንጣውን የሚያስረው እዚህ ጋ ነው። እኔም አስቤ ነበር። የሚሠራ ስለጠፋ በሦስተኛው ቀን ሳር ላይ ተጋድሜ አንዲት ቀይ ቀበሮ አየሁ። ፍልፈል ጉድጓድ አጠገብ ቆማለች። ጆሮዋን ወደፊት ቀስራ፣ አንድ እግሯን አንስታ፣ ንቅንቅ የለም። ግማሽ ሰዓት ይሆናል። እኔም አልተነቃነቅኩም፤ ክርኔ ደንዝዟል። ፍልፈሉ አልወጣም። እሷም እግሯን አውርዳ ሄደች።