በገጠር ጤና ጣቢያ የክትባት ክምችትን በእጅ ስልክ እንዴት መከታተል ይቻላል?

ክትባት በወረዳው ማቀዝቀዣ ውስጥ ተቀምጦ ሳለ ከአንድ የገጠር ጤና ጣቢያ ሊያልቅ ይችላል። ወረዳው ማለቁን የሚያውቀው በወር መጨረሻ በሚደርሰው ሪፖርት ብቻ ከሆነ፣ እስከዚያው ልጆቻቸውን አዝለው ረጅም መንገድ የመጡ እናቶች ሳያስከትቡ ይመለሳሉ፤ ከእነሱም መካከል ዳግም የማይመጡ ይኖራሉ። ይህን ክፍተት ለማጥበብ ተራ የእጅ ስልክ ይበቃል። በታንዛኒያ ከ2009 እስከ 2010 እ.ኤ.አ. በ3 ወረዳዎች የሚገኙ 129 የጤና ተቋማት የወባ መድኃኒት ክምችታቸውን በየሳምንቱ በአጭር የጽሑፍ መልእክት እንዲያሳውቁ ሲደረግ፣ ቢያንስ አንድ ዓይነት መድኃኒት ያለቀባቸው ተቋማት ድርሻ በ21 ሳምንታት ውስጥ ከ78 በመቶ ወደ 26 በመቶ ወርዷል። ያው አሠራር ለክትባትም ያገለግላል።

የመጀመሪያው እርምጃ ቋሚ የቆጠራ ቀን መወሰንና ኃላፊው በሌለበት የሚተካውን ሰው አስቀድሞ መሰየም ነው። በዚያ ቀን ማቀዝቀዣው ተከፍቶ እያንዳንዱ ብልቃጥ በዓይን ይቆጠር፤ ከመዝገብ ብቻ ተገልብጦ የተላከ ቁጥር ወረዳውን ያሳስታል። ሪፖርቱ ሁልጊዜ በዶዝ፣ ማለትም ለአንድ ሰው በአንድ ጊዜ በሚሰጥ መጠን፣ ይሁን። የሳንባ ነቀርሳ ክትባት (ቢሲጂ) በባለ20 ዶዝ ብልቃጥ ስለሚመጣ፣ አንዱ ጤና ጣቢያ አምስት ብልቃጡን «5»፣ ሌላው ያንኑ ያህል «100» ብሎ ከላከ ወረዳው ለማን ቅድሚያ እንደሚሰጥ ሊለይ አይችልም። በብልቃጡ ላይ ያለው የሙቀት ጠቋሚ ምልክት ውስጣዊው አራት ማዕዘን የዙሪያውን ክብ ቀለም ከመሰለ ወይም ከጠቆረ፣ ያ ብልቃጥ ከጥቅም ውጭ ስለሆነ በክምችት ውስጥ አይቆጠርም።

የመጠቀሚያ ጊዜው ሲነበብ ልዩ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ በእኔ እምነት ይህ በሥልጠና ላይ ሰፊ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባ ነጥብ ነው። በብልቃጡ ላይ የታተመው ቀን በፈረንጆች አቆጣጠር ሲሆን የጤና ጣቢያው መዝገብ ግን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ይያዛል። «08/2026» የሚለው እስከ ነሐሴ 25 ቀን 2018 ዓ.ም. ድረስ ያገለግላል ማለት ነው፤ ስምንተኛ ወር ስለተባለ ሚያዝያ ነው ብሎ የመዘገበ ባለሙያ ደህናውን ክትባት ሊያስወግድ፣ ዓመቱን ሳይቀይር የተወ ደግሞ ጊዜው ያለፈበትን ሊያስቀር ይችላል። ስለዚህ ክትባቱ እንደደረሰ ሁለቱም ቀኖች በመዝገቡ ላይ ጎን ለጎን ይጻፉ።

ቀጥሎ ቆጠራው ከመዝገቡ ጋር ይመሳከራል፦ ባለፈው ቆጠራ የነበረው ሲደመር የገባው፣ ሲቀነስ የወጣውና የተወገደው፣ ዛሬ ከተቆጠረው ጋር እኩል መሆን አለበት። ልዩነት ካለ ምክንያቱ ይፈለግ እንጂ መዝገቡን ለማስማማት ተብሎ ቁጥር አይለወጥ።

መልእክቱ አጭርና ቅደም ተከተሉ የማይለዋወጥ ይሁን፤ ለምሳሌ «ቢሲጂ 60፣ የቢሲጂ ማሟሟያ 60፣ ፔንታ 40፣ ፒሲቪ 0፣ ኩፍኝ 30፣ የኩፍኝ ማሟሟያ 20» ተብሎ ይላክ (ፔንታ አምስት በሽታዎችን በአንድነት የሚከላከል፣ ፒሲቪ ደግሞ የሳንባ ምችን የሚከላከል ክትባት ነው፤ ማሟሟያ የዱቄት ክትባት የሚሟሟበት ፈሳሽ ነው)። ያለቀ ክትባት ዜሮ ተብሎ ይጻፍ፤ ቦታው ባዶ ከተተወ አልቆ ይሁን ተረስቶ አይታወቅም። በዚህ ምሳሌ 30 ዶዝ የኩፍኝ ክትባት ቢኖርም ማሟሟያው ለ20 ብቻ ስለሚበቃ፣ መስጠት የሚቻለው 20 ዶዝ ነው። ኔትወርክ በሌለበት ቀበሌ መልእክቱ ተጽፎ ይቀመጥና ምልክት በሚገኝበት ቦታ ይላካል።

ወረዳው ቁጥሩን የሚመዝንበት መለኪያ ለእያንዳንዱ ጤና ጣቢያ አስቀድሞ ይሰላ። በዓመት 240 ሕፃናት የሚጠበቁበት ጤና ጣቢያ ለሦስት ዙር ፔንታ 720 ዶዝ ያስፈልገዋል፤ 10 በመቶ ብክነት ሲታሰብ 800 ገደማ፣ በወር ደግሞ 67 ይሆናል። የ25 በመቶ መጠባበቂያ ሲጨመርበት ከፍተኛው መጠን 84 ስለሚሆን፣ በባለ10 ዶዝ ብልቃጥ 9 ብልቃጥ ይያዛል፤ ክምችቱ ወደ 20 ዶዝ ሲወርድ ስልኩ ላይ የደረሰው መልእክት አስቸኳይ ነው።

የማቀዝቀዣው ሙቀት ጠዋትና ማታ ይመዝገብ፤ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ ካለው ክልል ከወጣ የቆጠራው ቀን ሳይጠበቅ ወዲያውኑ ይደወል። እንደ ፔንታና ፒሲቪ ያሉት ክትባቶች ወደ በረዶነት ከተለወጡ ስለሚበላሹ ከዜሮ በታች መውረድም እንደ ሙቀት መጨመር አስጊ ነው።

ወረዳው ለደረሰው መልእክት ሁሉ በማግስቱ መልስ ይስጥ፤ ምን ያህል፣ መቼና በማን እንደሚላክ፣ ወይም ትርፍ ካለው ከየትኛው ጎረቤት ጤና ጣቢያ እንደሚወሰድ በግልጽ ይንገር። መልስ የማያገኝ ባለሙያ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ መላኩን ቢተው አይፈረድበትም። ክትባቱ ሲደርስም ተቀባዩ የቆጠረውን ዶዝና የሙቀት ጠቋሚውን ሁኔታ በዚያው ቀን ይላክ፤ ከተላከው ጋር ካልተመጣጠነ ያመጣው ሰው ሳይመለስ ልዩነቱ በሁለቱም መዝገብ ላይ ይስፈር።