ጉድጓዱ ለምን ሞላ? በአዲስ አበባ ዙሪያ ላሉ የወተት ላም አርቢዎች የእበት አያያዝ ችግሮችና መፍትሔዎቻቸው

በሰበታ፣ በሱሉልታ፣ በለገጣፎና በሰንዳፋ አካባቢ አምስት ስድስት የተዳቀሉ ላሞችን በጋጣ አስሮ የሚያረባ ሰው ስለ እበት ማከማቻ የሚያስበው አብዛኛውን ጊዜ ችግሩ ከደረሰ በኋላ ነው። በበጋ እበቱ ተጠፍጥፎ ኩበት ይሆናል፣ ይሸጣል ወይም ምድጃ ይገባል፤ ስለዚህ ማከማቻ የሚያስፈልግ አይመስልም። ክረምት ሲገባ ግን ኩበት አይደርቅም፣ ማሳው ጭቃ ስለሚሆን ፍግ የጫነ ጋሪ አያልፍበትም፣ ላሞቹም መጣላቸውን አያቆሙም። ከዚህ በታች የቀረቡት ምልክቶች መልካቸው ቢለያይም የአብዛኛዎቹ መነሻ ንጹሕ ውሃ ከእበት ጋር እንዲቀላቀል መፈቀዱ ነው።

ምልክት፦ የእበት ጉድጓዱ በሐምሌ ሞልቶ ወደ ግቢው ይፈስሳል

ባለቤቱ ብዙውን ጊዜ ጉድጓዱ ጠብቧል ብሎ ሌላ ለማስቆፈር ይነሣል። ከመቆፈሩ በፊት ሒሳቡን ቢሠራ ይሻለዋል። የአንዲት የምትታለብ የተዳቀለች ላም እበትና ሽንት ተደምሮ በቀን 30 ኪሎ ግራም ያህል ነው ብንል፣ ስድስት ላሞች በቀን 180 ኪሎ፣ ከሰኔ እስከ መስከረም ባሉት 120 ቀናት ደግሞ 21,600 ኪሎ ይጥላሉ። አንድ ሜትር ኩብ እርጥብ እበት ወደ 1,000 ኪሎ ስለሚመዝን፣ ይህ 22 ሜትር ኩብ ያህል ቦታ ይፈልጋል። አሁን የበረቱን ጣሪያ እንመልከት። በአንድ ካሬ ሜትር ላይ የወረደ አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ አንድ ሊትር ውሃ ነው፤ በእነዚሁ ወራት 800 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ፣ አሸንዳ የሌለው 60 ካሬ ሜትር ቆርቆሮ 48 ሜትር ኩብ ውሃ ያወርዳል። ይህ ውሃ ወደ እበት ጉድጓዱ የሚገባ ከሆነ ከእበቱ እጥፍ በላይ ቦታ የሚይዘው ዝናቡ ነው ማለት ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው መፍትሔ አሸንዳ ነው። ከጣሪያው የሚወርደውን ውሃ ወደ በርሜል ወይም ወደ ሮቶ ማስገባት ጉድጓዱን ከመታደጉም በላይ ለበረት ማጠቢያ የሚሆን ውሃ ያስገኛል። ቀጥሎ ከግቢው በላይ በኩል የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ ይቆፈራል፤ የጉድጓዱም አፍ ከመሬት 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ይገነባና በቆርቆሮ ይከደናል። በረቱን በባልዲ ውሃ ከማጠብ በፊት እበቱን በአካፋ መዛቅ ደግሞ ምንም ወጪ ሳይጠይቅ የፍሳሹን መጠን በእጅጉ ይቀንሳል። እነዚህ ከተሟሉ በኋላ ለስድስት ላሞች 4 ሜትር ርዝመት፣ 3.5 ሜትር ወርድና 2 ሜትር ጥልቀት ያለው ማከማቻ፣ ከአፉ የተወሰነ ክፍተት ቢተውለት እንኳን፣ የክረምቱን እበት ይይዛል፤ ይህ የሚሆነው ግን ግንቦት ሲያልቅ ባዶ ከሆነ ብቻ ነው። የበጋውን ጭነት ይዞ ሰኔን የሚቀበል ጉድጓድ ምንም ያህል ሰፊ ቢሆን አይበቃም። በእኔ ግምት ለአነስተኛ አርቢ ከጥልቅ ጉድጓድ ይልቅ፣ ጥቂት ዘንበል ያለ የኮንክሪት ወለል ላይ ደረቁን እበት ከምሮ፣ ሽንቱንና እጣቢውን ብቻ በቦይ ወደ ትንሽ ገንዳ መውሰድ ይመረጣል፤ ለመዛቅም ይቀላል፣ ቆየት ብሎ ከሚመጣው የጋዝ አደጋም ይጠብቃል።

ጉድጓዱ አሁን እየፈሰሰ ላለበት አርቢ ግን ይህ ሁሉ የሚቀጥለው ዓመት ሥራ ነው። ለጊዜው ጉድጓዱን በሸራ ይሸፍን፤ ዝናብ ጋብ ባለበት ቀን ከላይ ያለውን ፈሳሽ እየቀዳ ከጅረት በራቀ ሜዳማ ሣር ላይ በስሱ ይርጨው። ጠርዙን ቆርሶ ወደ መንገድ ቦይ መልቀቅ ችግሩን ወደ ጎረቤት ማስተላለፍ እንጂ መፍትሔ አይደለም።

ምልክት፦ ጉድጓዱ ፈጽሞ አይሞላም

ይህ ብዙዎችን የሚያስደስት፣ ነገር ግን ከሁሉም ይበልጥ ሊያሳስብ የሚገባ ምልክት ነው። የማይሞላ ጉድጓድ ያንጠባጥባል። በሰንዳፋና በአቃቂ ሜዳዎች የሚገኘው መረሬ አፈር ሲርስ ተጣብቆ ውሃ የሚይዝ ቢመስልም በበጋ በጥልቀት ይሰነጠቃል፤ በዚያ ላይ ያለ ልባስ የተቆፈረ ጉድጓድ የመጀመሪያውን የክረምት ፈሳሽ በስንጥቆቹ በኩል ወደ ታች ይልካል። የሚደርስበትም ቦታ ቀላል አይደለም። ከእንጦጦ ሸንተረር በስተደቡብ ያለው ውሃ ወደ አቃቂና ወደ አዋሽ፣ የሱሉልታው ደግሞ ወደ ሙገርና ወደ ዓባይ ያመራል፤ ለገዳዲና ገፈርሳም የዋና ከተማዋን የመጠጥ ውሃ የሚያጠራቅሙ ግድቦች ናቸው።

ቅርቡ ተጎጂ ግን የራሱ የአርቢው ቤተሰብ ነው። ከእበት የሚሰርገው ናይትሬት ቀለምም ሽታም የለውም፤ ስለዚህ የውሃ ጉድጓዱ ንጹሕ መስሎ መታየቱ ዋስትና አይሆንም። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው ገደብ በሊትር 50 ሚሊ ግራም ናይትሬት ሲሆን፣ ከዚያ በላይ የሆነ ውሃ በተለይ በጡጦ የሚመገቡ ጨቅላ ሕፃናትን ደማቸው ኦክስጅን እንዳይሸከም በማድረግ ይጎዳል። ማፍላት ተቅማጥ የሚያመጡትን ተሕዋስያን ይገድላል፤ ናይትሬትን ግን አያስወግድም፣ እንዲያውም ውሃው በተነነ ቁጥር ያከማቸዋል። ጥርጣሬ ካለ ውሃውን በላቦራቶሪ ማስመርመርና እስከዚያው ለሕፃናት ሌላ ውሃ መጠቀም ይገባል። የእበት ማከማቻው ወለልና ግድግዳ በስሚንቶ መለሰን ወይም በወፍራም ላስቲክ መለበጥ አለበት፤ ከውሃ ጉድጓዱም ቢያንስ 30 ሜትር ርቆ፣ በቁልቁለቱ በኩል መሆን ይኖርበታል።

ምልክት፦ ሽታና ዝንብ፣ የጎረቤትም አቤቱታ

ቀድሞ ማሳ የነበረው ቦታ መኖሪያ መንደር በሆነበት አካባቢ ይህ ቅሬታ እየበረታ ነው። የሽታው ዋና ምክንያት አየር የማያገኝ ውሃማ እበት ስለሆነ፣ ጭድ ወይም ሰጋቱራ መቀላቀልና ዝናቡን ማራቅ አብዛኛውን ያቃልለዋል። ዝንብ በሞቃት ጊዜ ከእንቁላል እስከ በራሪ ዝንብ ለመድረስ የሚፈጅበት አሥር ቀን ያህል ስለሆነ፣ በረቱ በሳምንት ሁለት ጊዜ ከጥግ እስከ ጥግ ከተዛቀ ዑደቱ ይቋረጣል። ብዙ ጊዜ የሚረሳው ከመመገቢያ ገንዳው ሥር የተደፋው አተላና የረጠበ ፉርሽካ ነው፤ እሱ ሳይነሣ መድኃኒት መርጨት ገንዘብ ማባከን ነው።

ምልክት፦ ለኮምፖስት የተከመረው አይሞቅም

ፌሮ ወደ ክምሩ መሐል ሰክቶ ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ ማውጣት ይበቃል፤ ጫፉ እጅ የሚያቃጥል ካልሆነ ብስባሴው አልጀመረም። ከመሐሉ የተዘገነው ሲጨመቅ ውሃ ካፈሰሰ ጭድ ጨምሮ ማገላበጥ፣ ጠብታም ካልወጣው ደግሞ ሽንት ወይም ውሃ ማርከፍከፍ ነው። ክምሩ ከ55 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በላይ ለ15 ቀናት ሙቀቱን ከያዘና በዚያው ጊዜ ውስጥ አምስት ጊዜ ከተገላበጠ በሽታ አምጪ ተሕዋስያንና የአረም ዘሮች በአብዛኛው ይሞታሉ።

ምልክት፦ ወደ ጉድጓዱ የወረደ ሰው ድንገት ተዝለፈለፈ

ምክንያቱ ጋዝ ነው፤ እዚህ ላይ አንዲት ደቂቃ የሰው ሕይወት ታስከፍላለች። የታመቀ እበት ሲቀሰቀስ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ይለቃል። ጋዙ ከአየር ስለሚከብድ በጉድጓዱ ውስጥ ይተኛል፤ መጠኑ ሲጨምርም የማሽተት ችሎታን ያደነዝዛል፤ ስለዚህ የበሰበሰ እንቁላል የሚመስለው ሽታ መጥፋቱ አደጋው አለፈ ማለት አይደለም። ሜቴንም አብሮ ስለሚወጣ በአቅራቢያው ክብሪት መጫርም ሆነ ማጨስ አይገባም። ለማዳን ተከትሎ የሚወርድ ሰው ሁለተኛው ሟች ይሆናል፤ አየር የሚያቀርብ መተንፈሻ የለበሰ ሰው ካልሆነ በስተቀር ማንም መውረድ የለበትም። ከላይ ሆኖ ገመድ መጣል፣ ሰዎችን መጥራትና የእሳትና ድንገተኛ አደጋ ሠራተኞችን ማስመጣት ነው የሚቻለው። አስቀድሞ ግን ጉድጓዱን ከላይ በረጅም እጀታ ባለው አካፋ ወይም በፓምፕ መዛቅ፣ ክዳኑን ሕፃን እንዳያነሣው አድርጎ መቆለፍና ዙሪያውን ማጠር ይገባል።

ምልክት፦ ፍግ የተደረገበት ሰላጣ ጠወለገ፣ ገዢም ሸሸው

ትኩስ እበት አሞንያው ሥር ያቃጥላል፣ በጥሬው በሚበላ አትክልት ላይም በሽታ ያስተላልፋል። የአሜሪካ የኦርጋኒክ እርሻ ደንብ ያልበሰበሰ ፍግ ከአፈር ጋር ለሚነካካ ምርት ከለቀማው 120 ቀናት፣ ለማይነካካው 90 ቀናት አስቀድሞ እንዲደረግ ያዝዛል። በእኛ አካባቢ ለሰላጣና ለካሮት በሚገባ የበሰበሰውን ብቻ መጠቀም፣ ትኩሱን ለገብስ ወይም ለመኖ ሣር ማሳ መተው፣ እሱንም ከዝናቡ በፊት በግንቦት በትኖ ወዲያው አርሶ ከአፈር ጋር መቀላቀል የተሻለ ነው።