አጭር ፊልም ለምትሰሩ ተማሪዎች፦ ከት እንደተባለ ፎቶ አንሱ

ለትምህርታችሁ አጭር ፊልም የምትቀርፁ ካላችሁ ይቺን ያዙልኝ። ዳይሬክተሩ ከት (ቀረፃው ይቁም) እንዳለ ተዋናዩ ሳይነቃነቅ በስልክ ፎቶ አንሱት፣ ነጠላው በየትኛው ትከሻ ነው፣ ሲኒው በየትኛው እጁ ነው፣ ቡናው እስከምን ጎድሏል፣ ምክንያቱም ዋይዱን (ከሩቅ ሁሉንም የሚያሳየውን) ጠዋት፣ ክሎዝአፑን (ከቅርብ ፊት ወይም እጅ የሚያሳየውን) ከሰዓት ስትቀርፁ ይሄን ማንም አያስታውሰውም፣ ኤዲት ላይ ግን ሲኒው ሞልቶ፣ ጎድሎ፣ ደግሞ ሞልቶ ታገኙታላችሁ። ፎቶ የማንሳቱን ስራ ለአንድ ሰው ስጡት፣ ካሜራማኑ ላይ አትጫኑት፣ እሱ ፎከስና መብራት ይበቃዋል።

ሁለት ሰው ፊት ለፊት ሲያወራ ደግሞ ከአንዱ ወደ ሌላው የተዘረጋ መስመር እንዳለ አስቡና ካሜራውን ሁሌ ከመስመሩ በአንዱ በኩል ብቻ አቁሙ፣ የ180 ዲግሪ ህግ የሚባለው እሱ ነው፣ ከተሻገራችሁ ሁለቱም ወደ አንድ አቅጣጫ የሚያዩ ይመስላሉ።

ከሁሉም ግን በጣም የምወደው እንቅስቃሴ ላይ መቁረጥ ነው። ሲኒውን ከማንሳት እስከ መጠጣት ያለውን ሙሉውን በዋይድም በክሎዝአፕም ቅረፁት፣ ከዛ ኤዲት ስታደርጉ እጁ ወደ አፉ እየሄደ መሀል ላይ ቁረጡ፣ የተመልካች ዓይን እጁን ስለሚከተል የተቆረጠበት ቦታ አይታወቅም። ያንኑ ሰው እየቀረፃችሁ ሾት ስትቀይሩም ካሜራውን በሰውዬው ዙሪያ ቢያንስ 30 ዲግሪ ያህል አዙራችሁ አቁሙት፣ አለዚያ ምስሉ የዘለለ ይመስላል።