ከተማን በጂኦተርማል ለማሞቅ ሲታሰብ የሚሠሩ ስህተቶች

ጂኦተርማል፣ ማለትም የከርሰ ምድር ሙቀት፣ ሲባል ብዙዎቻችን ትዝ የሚለን የአሉቶ ላንጋኖ የኤሌክትሪክ ማመንጫ፣ እንፋሎትና ተርባይን ነው። ቤት ለማሞቅ ግን እንፋሎት አያስፈልግም። ባቫሪያ፣ ጀርመን፣ የኤርዲንግ ከተማ ጉድጓድ ውሃ 65 ዲግሪ ገደማ ነው። «የእኛ ውሃ አይፈላም» ብሎ ሐሳቡን መጣል ችኮላ ነው።

ሙቀት ተገኘ ብሎ ድግስ መደገስም እንዲሁ። ሙቀቱን ተሸክሞ የሚወጣው ውሃ ነው። የባቫሪያዋ ኡንተርሃኪንግ በ2004 (እ.ኤ.አ.) 3,350 ሜትር ያህል ቆፍራ 122 ዲግሪ ሙቀት ያለው ውሃ አገኘች፤ ፍሰቱም በሴኮንድ እስከ 150 ሊትር ነበር። እዚያው ባቫሪያ ውስጥ ጌሬትስሪድ በ2013 ሲቆፈር ሙቀቱ ተገኘ፤ ውሃው ግን አልበቃም። የጎረቤት ጉድጓድ ዋስትና አይሆናችሁም።

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ልምጣ። ሁሉም የሚጠይቀው ከጉድጓዱ ስንት ዲግሪ እንደሚወጣ ነው። ውሃው ቤቶቹን አሙቆ በስንት ዲግሪ እንደሚመለስ የሚጠይቅ የለም! እስቲ አስሉት። ጉድጓዱ ባለ 80 ዲግሪ ውሃ በሴኮንድ 50 ሊትር ይሰጣል እንበል። ውሃው በ60 ዲግሪ ከተመለሰ የተጠቀማችሁት 4.2 ሜጋዋት ያህል ነው፤ በ40 ከተመለሰ 8.4። ጉድጓዱ ያው፣ ፓምፑ ያው፣ ሙቀቱ እጥፍ። ይህን ሳያዩ ለሁለተኛ ጉድጓድ ብድር የሚጠይቁ አሉ። ጥፋቱ ያለው በየሕንፃው ምድር ቤት ነው፦ ፍሰቱ ያልተመጠነ ራዲያተር (ትኩስ ውሃ የሚያልፍበት የክፍል ማሞቂያ)፣ ትኩሱን ውሃ ሳይሠራ በአቋራጭ ወደ መመለሻው የሚለቅ ቫልቭ። አንዱ «በረደኝ» ሲል የቧንቧ ሠራተኛ መጥቶ ቫልቩን እስከ ጥግ ይከፍትለታል። የእሱ ቤት ይሞቃል፤ ከመስመሩ ጫፍ ያለው ይበርደዋል። እሱም በተራው ሠራተኛ ይጠራል። የመመለሻ ሙቀት ገደብ ከመጀመሪያው ውሉ ላይ ይግባ፤ አቀዝቅዞ ለሚመልስ ደንበኛ ዋጋ ይቀነስ። ከተፈረመ በኋላ ማን ይሰማችኋል?

ኦክስጅን የሚያሳልፍ ፕላስቲክ ቧንቧ ከብረት ራዲያተር ጋር አታገናኙ። ዝገት ይበላዋል።

የቀዘቀዘውን ውሃ ወደ ከርሰ ምድር በመመለስ ፈንታ ቦይ ውስጥ መድፋትም ይብቃ። አሜሪካ፣ ኦሪገን፣ ክላማት ፎልስ ከተማ ውስጥ እንዲያ ሲደረግ የጉድጓዶቹ ውሃ እየወረደ ሄደ፤ ከተማዋም በ1985 መድፋቱን የሚያስቀር ደንብ አወጣች።

ደግሞ ከተማውን ሁሉ በአንዴ አትቆፍሩ። የአይስላንድ ዋና ከተማ ሬይኪያቪክ በ1930 የጀመረችው 3 ኪሎ ሜትር በሚሆን መስመር፣ በትምህርት ቤት፣ በሆስፒታል፣ በመዋኛ አዳራሽና በ70 ገደማ ቤቶች ነው። ቀን ከሌት ብዙ ሙቀት የሚወስዱትን አስቀድሙ፤ ተራርቀው የተሠሩት ቪላዎች ይቆዩ፣ ባለቤቶቻቸው ቢቆጡም።