በጣና ዳር አሮጌ ቤት ሲያርፉ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የጭቃ ግድግዳ፣ የሳንቃ ወለልና የአቡጀዲ ኮርኒስ ያለው አሮጌ ቤት የራሱ ጠባይ አለው። ባሕር ዳርም ይሁን ዘጌ ወይም ጎርጎራ፣ አልጋና ቁርስ የሚሰጥ ቤተሰብ ዘንድ ያደረ እንግዳ ቅር ብሎት የሚወጣው ብዙውን ጊዜ ቤቱን እንደ ሆቴል ቆጥሮ ስለገባ ነው። ከዚህ በታች ያሉት ስህተቶች ደጋግመው የሚታዩ ናቸው፤ አንዳንዶቹ ገንዘብ ያስከፍላሉ፣ አንዳንዶቹ ግን ሕይወት።

የአልጋውን ፎቶ አይቶ መክፈል

አልጋና አንሶላ በአንድ ቀን ይቀየራል። መታየት ያለበት የግድግዳው ግርጌ ነው። ከወለሉ እስከ ጉልበት ከፍታ ድረስ ቀለሙ ከጠቆረ፣ ከተላጠ ወይም ነጭ ጨው ካወጣ፣ እርጥበት ከመሬት ወደ ላይ እየተሳበ ነው ማለት ነው። እንዲህ ያለ ክፍል ሌሊት ይቀዘቅዛል፣ ይሸታል፣ አስም ላለበት ሰው ደግሞ ጨርሶ አይሆንም። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የእድሳቱ ነው፦ ጭድ የገባበት ጭቃ እርጥበትን እየሳበ መልሶ ያወጣል፤ በላዩ ላይ ሲሚንቶ ሲለሰን ግን ውሃው ውስጥ ታፍኖ ይቀራል፣ እንጨቱም ይበሰብሳል። ስለዚህ በደንብ የተለሰነ የጭቃ ግድግዳ ካዩ ደስ ይበልዎት እንጂ አይናቁት።

በበርና በመስኮት መቃኖች ላይ እርሳስ የሚያህል የጭቃ መስመር ሲወጣ ካዩ ምስጥ ገብቷል። ኮርኒሱ ላይ ቡናማ ክብ ካለ ጣሪያው ያፈሳል፤ በበጋ ላያሳስብ ይችላል፣ በሐምሌ ግን ሌላ ክፍል ይጠይቁ። «የጣሊያን ቤት ነው» ከተባሉም ቤቱ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ተሠራ እየተባለ ነውና ጣሪያውና የመብራት መስመሩ መቼ እንደታደሱ መጠየቅ ነውር የለውም። ቤቱ ቢያረጅ ጥሩ ነው፣ ሽቦው ግን ማርጀት የለበትም።

መታጠቢያው መኝታ ቤት ውስጥ ካልሆነ ማለት

ይህ እንግዶች በብዛት የሚሳሳቱበት ጉዳይ ነው። በጭቃ ቤት ውስጥ ሻወር ማስገባት ግድግዳውን በየቀኑ ማጠጣት ነው፤ ሴራሚክ ቢለጠፍበትም በመገጣጠሚያው የሚሰርገው ውሃ በጥቂት ዓመት ውስጥ ምሰሶውን ይበላዋል። ቤቱን የሚወድ ባለቤት መታጠቢያውን ለብቻው፣ ከብሎኬት፣ ጓሮ ውስጥ ይሠራዋል። ደጅ ወጥቶ መታጠብ ጥቂት እርምጃ ቢያስኬድም እንዲህ ያለውን ቤት ይምረጡ። የእጅ ባትሪና ነጠላ ጫማ ይያዙ፤ እርጥብ ፎጣዎን ግድግዳው ላይ ባለው ሚስማር ሳይሆን ደጅ ገመድ ላይ ያስጡ።

ሙቅ ውሃና መብራት እንደ ልብ ነው ብሎ ማሰብ

ባለ 50 ሊትር ቦይለር 1.5 ኪሎዋት ከሆነ ቀዝቃዛውን ውሃ ለማሞቅ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ይፈልጋል። ያም ከቀዝቃዛ ጋር ተደባልቆ 100 ሊትር ገደማ ለብ ያለ ውሃ ይሆናል፤ ሳይዝናኑ ለታጠቡ ሁለት ሰዎች ይበቃል። አራት ሆናችሁ ከመጣችሁ ሁለታችሁ ማታ፣ ሁለታችሁ ጠዋት ታጠቡ። የእንጀራ ምጣድ ብቻውን ከ3 ኪሎዋት በላይ ይስባል፤ ቦይለሩና ምጣዱ አንድ ላይ ሲበሩ ብሬከሩ ይወርዳል። «ነገ እንጀራ ይጋገራል ወይ?» ብሎ ማታውኑ መጠየቅ ጠዋት በሳሙና ተለውሶ ከመቆም ያድናል። የራስዎን የውሃ ማፍያ ወይም ካውያ በአሮጌ ሶኬት ላይ አይሰኩ። ውሃ የሚጠፋበት ቀን ስላለም ቤቱ ሮቶ ወይም በርሜል እንዳለው ሳይከፍሉ ያረጋግጡ።

ከሰልና ጧፍ ይዞ መተኛት

በኅዳርና በታኅሣሥ የጣና ዳር ሌሊት ይበርዳል። ቡና የተፈላበት የከሰል ምድጃ «ክፍሉን ያሙቅ» ተብሎ ሲገባ እሺ አይበሉ። ከሰል በተዘጋ ክፍል ውስጥ ሽታም ጭስም የሌለው መርዘኛ ጋዝ ያወጣል፤ የተኛ ሰው ሳይነቃ ይሞታል። ፍሙ አመድ ለብሶ የበረደ ቢመስልም ጋዙ አያቆምም። በምትኩ ተጨማሪ ጋቢ ወይም ብርድ ልብስ ይጠይቁ። ጧፍም በአቡጀዲ ኮርኒስ ሥር አደገኛ ነው፤ መብራት ሲጠፋ ባትሪ ይጠቀሙ።

አጎበሩን እንደ ጌጥ ማየት

ጣና ዳር ወባ አለ፤ የሚበረታውም ክረምቱ ሲወጣ፣ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ ነው። በአሮጌ ቤት በጣሪያውና በግድግዳው መካከል ክፍተት ስለማይጠፋ መስኮት መዝጋት ብቻውን አይበቃም። አጎበሩን ሳይጨልም ያውርዱ፣ ቀዳዳ ካለው ወዲያው ያስሰፉ፣ ጠርዙን ዙሪያውን ከፍራሹ ሥር ይጠቅጥቁት። አልጋው ግድግዳ ላይ ከተጠጋ ሳብ አድርገው ያርቁት፤ አጎበሩ ላይ የተለጠፈ ክንድ ወይም እግር በጨርቁ በኩል ይነደፋል። ከሄዱ በኋላ ባሉት ሳምንታት ትኩሳት ከያዘዎት ጣና ዳር ማደርዎን ለሐኪም ይንገሩ።

ቁርስን ጠዋት ማዘዝ

የቤት ቁርስ ማታ ይታዘዛል። ቂንጬው የሚፈላው፣ ገንፎው የሚገነፋው ለእርስዎ ብቻ ነው። ረቡዕና ዓርብ፣ በዐቢይ ጾም 55 ቀናት፣ በፍልሰታም ከነሐሴ 1 እስከ 15 ቤቱ ውስጥ ቅቤ የነካው መጥበሻ ከእሳት ላይጣድ ይችላል። እንቁላል ከፈለጉ አስቀድመው ይናገሩ፤ «አይሆንም» ከተባሉም አይከራከሩ። የጣና ዓሣም ቢሆን በጾም የማይሠራበት ቤት አለ። እሑድ አስተናጋጅዎ ቅዳሴ ከሄዱ እስኪመለሱ ይጠብቁ ወይም ምን ተከድኖ እንደሚቆይልዎ ይጠይቁ። ቡና ከቀረበልዎና የሚቸኩሉ ከሆነ ገና ሲቆላ ይናገሩ፤ ከአቦል በኋላ ብድግ ብሎ መሄድ እማማን ቅር ያሰኛል።

ቀኑንና ሰዓቱን አለማጣራት

ከውጭ አገር ወይም በኢንተርኔት የሚይዙ ሰዎች «በ7 እደርሳለሁ» ብለው አንዱ ቀን 7 ሰዓት ሲጠብቅ ሌላው ምሽት 1 ሰዓት ይደርሳል። ሁልጊዜ «ከቀኑ» ወይም «ከምሽቱ» የሚለውን ይጨምሩ። ጥምቀት ጥር 11 ነው፤ በፈረንጆቹ አብዛኛውን ጊዜ ጃንዋሪ 19 ላይ ይውላል፣ ጳጉሜን 6 ሆና ካለፈች በኋላ ባለው ዓመት ግን 20 ላይ። በዚህ አንድ ቀን ልዩነት ክፍል አጥተው የሚንከራተቱ አሉ። ለየካቲት 16 የኪዳነ ምሕረት በዓል ዘጌ ዑራ ለመሄድ ካሰቡም ቀደም ብለው ይያዙ።

መንገዱን ሳይጠይቁ መነሳት

ከመነሳትዎ አንድ ቀን ቀደም ብለው አስተናጋጅዎ ዘንድ ደውለው መንገዱ ክፍት መሆኑንና ሰዓት እላፊ መኖሩን ይጠይቁ። ቀን ይጓዙ፤ የግቢው በር ስንት ሰዓት እንደሚዘጋም ይወቁ። መታወቂያ ሳይዙ የሚያሳድርዎ የለም። ኔትወርክ ሲጠፋ ቴሌብርም የባንክ መተግበሪያም አይሠራምና ቢያንስ ለሁለት ሌሊት የሚበቃ ጥሬ ገንዘብ ይያዙ።

ሐይቁን መዳፈር

ጥልቀት በሌለው፣ ደንገልና ሣር በበዛበት ዳርቻ የቢልሃርዚያ ቀንድ አውጣዎች ይኖራሉ፤ ተሕዋሱ በቆዳ በኩል ስለሚገባ እግር መንከርም ያስይዛል። አባይ ከጣና በሚወጣበት አካባቢ ጉማሬ ሌሊት ለግጦሽ ወደ የብስ ይወጣልና ከመሸ በኋላ በዳርቻው አይንሸራሸሩ። ጀልባ ሲኮናተሩ ሒሳቡ የደርሶ መልስ መሆኑንና ስንት ሰዓት እንደሚጠብቅዎ ተነጋግረው ይጨርሱ፤ የሕይወት አድን ጃኬቱን ከመሳፈርዎ በፊት ለብሰው ይሞክሩት። ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ሴቶች አይገቡም፤ ዑራ ኪዳነ ምሕረትና ናርጋ ሥላሴ ይገባሉ። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ማዕበል ስለሚያነሳ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ተነስተው እስከ 6 ሰዓት ይመለሱ። ለዚህም ቁርስዎን ማታ በሣህን አስይዘው ያሳድሩ።