ከ3.14 መብለጥ የማይችለው ኢንተግራል 4.85 ሲወጣ

ጥያቄው ኮሳይን ኤክስን ለ«ኤክስ ስኩዌር ሲደመር 1» አካፍሎ ከኔጌቲቭ ኢንፊኒቲ እስከ ፖዘቲቭ ኢንፊኒቲ ኢንተግሬት ማድረግ ነው። በኮምፕሌክስ ፕሌን ላይ ሪል መስመሩን ይዞ በላይኛው ግማሽ ክብ ዞሮ፣ አይ (የኔጌቲቭ 1 ስኩዌር ሩት) ላይ ያለውን ሬዚዱ (አካፋዩ ዜሮ በሚሆንበት ነጥብ የሚሰላውን ቁጥር) በ2 ፓይ አይ ሲያባዙት 4.85 ገደማ ይወጣል። ስህተት መሆኑ ወዲያው ይታወቃል፦ ኮሳይን ኤክስ ከ1 ስለማይበልጥ፣ በቦታው 1 ቢገባ ደግሞ ኢንተግራሉ ፓይ ስለሚሆን፣ መልሱ ከፓይ ሊያልፍ አይችልም። ይህችን ማጣሪያ ሳይሠሩ ማለፍ አያዋጣም።

ሬዚዱው ልክ ነው፤ ያበላሸው ቅስቱ፣ ማለትም የግማሽ ክቡ ጠማማ ክፍል ነው። ኮሳይን ከ1 የማይበልጠው በሪል መስመሩ ላይ ብቻ ነው፤ ወደ ላይ ሲወጡ ያድጋል። አይ ላይ 1.54 ነው፣ 10 አይ ላይ ደግሞ 11 ሺህ ያልፋል! ስለዚህ ሬዲየሱ ሲያድግ የቅስቱ ድርሻ ወደ ዜሮ አይሄድም።

መፍትሔው ኮሳይን ዜድን (ዜድ ኮምፕሌክስ ቁጥር ነው) በ«ኢ ፓወር አይ ዜድ» ተክቶ፣ መጨረሻ ላይ ሪል ክፍሉን መውሰድ ነው። የዚህ መጠን በላይኛው ግማሽ ከ1 አይበልጥም። የቅስቱ ርዝመት ፓይ አር (አር ሬዲየሱ ነው)፣ አካፋዩ ቢያንስ «አር ስኩዌር ሲቀነስ 1» ስለሆነ ድርሻው ይጠፋል። ሬዚዱው 1 ለ2 አይ ኢ ሲካፈል ነው፤ መልሱ ፓይ ለኢ ሲካፈል፣ 1.156 ገደማ ይሆናል። «ኢ ፓወር ኔጌቲቭ አይ ዜድ»ን የመረጠ ግን በታችኛው ግማሽ ይዝጋ፤ ዙሩ በሰዓት አቅጣጫ ስለሚሆን የኔጌቲቭ ምልክቷን እንዳይረሳ።