ሃንድአውት ብቻ አይበቃም፦ ሳይኮሎጂ፣ ሶሲዮሎጂና ኢዱኬሽን የምታጠኑ በተግባር እንዴት ትማራላችሁ

ሳይኮሎጂ፣ ሶሲዮሎጂ ወይ ኢዱኬሽን የምትማሩ ልጆች፣ ዲፓርትመንታችሁ ፕራክቲከም (የመስክ ልምምድ) እስኪያወጣችሁ አትጠብቁ። ኢንጂነሪንጉ ወርክሾፕ አለው፣ ሜዲስኑ ዋርድ አለው፣ የኛ ላብራቶሪ ግን ሰው ነው፣ ሰው ደግሞ ዶርም ውስጥም ካፌ ሰልፍ ላይም ታክሲ ውስጥም ሞልቷል። በ2015 ዓ.ም የመውጫ ፈተና ከጀመረ ወዲህ ተማሪው ሁሉ ሃንድአውትና የድሮ ጥያቄ ላይ ተተክሎ ነው የሚውለው፣ ጭንቀቱ በደንብ ይገባኛል፣ ግን በእጃችሁ የሞከራችሁት ቴዎሪ ፈተና ላይ ራሱ ነው የሚመጣላችሁ፣ የሸመደዳችሁት ግን ምርጫዎቹ ትንሽ ሲቀያየሩ ግራ ያጋባችኋል። በሳምንት ሁለት ሰዓት መድቡ፣ እስክሪብቶ፣ ደብተርና ስልክ ይበቃችኋል።

ከሳይኮሎጂ ልጀምር። ስትሩፕ ኢፌክትን ኮግኒቲቭ ሳይኮሎጂ ላይ ተምራችሁታል፣ ጆን ሪድሊ ስትሩፕ እ.ኤ.አ. በ1935 ያሳተመው ነው። ስላይድ ላይ አይታችሁ አልፋችሁታል አይደል? አሁን ራሳችሁ ስሩት። ቀይ፣ ሰማያዊ፣ አረንጓዴና ጥቁር እስክሪብቶ ያዙ። አንደኛው ወረቀት ላይ 20 ትንንሽ ሳጥን በአራቱ ቀለም አቀላቅላችሁ ቀቡ። ሁለተኛው ላይ የቀለሞቹን ስም 20 ጊዜ ጻፉ፣ ግን ቀለሙና ቃሉ እንዳይገጥም፣ «ቀይ» የሚለውን በሰማያዊ፣ «ጥቁር» የሚለውን በአረንጓዴ እያላችሁ። የዶርም ጓደኛችሁን የቃሉን ሳይሆን የቀለሙን ስም ከላይ እስከታች ቶሎ ቶሎ ጥራ በሉትና በስልካችሁ ሰዓት ያዙ። ሁለተኛው ወረቀት ላይ ሲደርስ ምላሱ ሲተሳሰር፣ «ቀ... አይ ሰማያዊ» እያለ ሲመለስ በአይናችሁ ታያላችሁ፣ አንባቢ የሆነ ሰው ፊደል አይቶ ላለማንበብ ምን ያህል እንደሚቸገር ያኔ ነው የሚገባችሁ።

እዚህ ላይ ግን አታቁሙ፣ ዋናው ትምህርት ያለው አሰራሩ ላይ ነው። ግማሹን ሰው ከሳጥኑ ወረቀት አስጀምሩ፣ ግማሹን ደግሞ ከቃሉ፣ አለበለዚያ የዘገየው በቃሉ ምክንያት ይሁን ሁለተኛ ዙር ላይ ስለደከመው አታውቁም። ሪሰርች ሜተድ ላይ ካውንተርባላንሲንግ እየተባለ የሚያስጨንቃችሁ ነገር ይሄው ነው። ቀይና አረንጓዴ የማይለይ ሰው ስላለ ደግሞ አስቀድማችሁ ጠይቁ። ከዚያ ጥያቄውን የራሳችሁ አድርጉት፦ የኛ ግቢ ልጆች ከሁሉም ክልል ነው የሚመጡት፣ አንደኛ ደረጃን በቁቤ የተማረ ጓደኛችሁ በአማርኛ ፊደል የተጻፈው ላይ ነው በብዛት የሚደናቀፈው ወይስ «ዲማ»፣ «ጉራቻ» ተብሎ በቁቤ የተጻፈው ላይ? ሁለቱንም አዘጋጅታችሁ አወዳድሩ። ንባቡ ይበልጥ የተዋሃደው የቱ ፊደል እንደሆነ ፍንጭ ይሰጣችኋል፣ ከዚህ የሲኒየር ኤሴይ (የመመረቂያ ጽሑፍ) ርዕስ ራሱ ይወጣል።

ሌላው የፒያዤ፣ የልጆችን አስተሳሰብ ያጠናው ሳይኮሎጂስት፣ የውሃ ሙከራ ነው። ከ4 እስከ 8 ዓመት የሚሆኑ የወንድም የእህት ልጆች ካሏችሁ፣ እናት ወይ አባትን አስፈቅዳችሁ፣ በሁለት እኩል ብርጭቆ እኩል ውሃ ቅዱና «እኩል ነው?» በሉ፣ ከዚያ አንዱን ቀጭን ረጅም ነገር ውስጥ ገልብጣችሁ እንደገና ጠይቁ። ትንንሾቹ ብዙውን ጊዜ ረጅሙ ይበልጣል ይላሉ። «ለምን?» ብላችሁ መልሱን እንዳለ በልጁ ቃል ጻፉ፣ አታርሙት፣ በፊታችሁም «ተሳስተሃል» አትበሉት። አንድ ረቂቅ ነገር ልጨምር፣ ሮዝና ብላንክ የሚባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1974 በተመሳሳይ ሙከራ እንዳሳዩት ጥያቄው ነገሩ ከተቀየረ በኋላ አንዴ ብቻ ሲጠየቅ ልጆቹ የተሻለ ይመልሳሉ፣ ምክንያቱም ትልቅ ሰው ያንኑ ጥያቄ ደግሞ ሲጠይቅ ልጅ «የመጀመሪያው መልሴ ስህተት ነበር ማለት ነው» ብሎ ሊቀይር ይችላል። እኛ ቤት ትልቅ ሰው ደግሞ ሲጠይቅ ምን ማለት እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን፣ ስለዚህ በሁለቱም መንገድ ሞክሩት።

ኢዱኬሽን ላይ ያላችሁ ደግሞ ማስተማር ከመጀመራችሁ በፊት መቀመጥን ተማሩ። አንድ ትምህርት ቤት አስፈቅዳችሁ ክፍል ውስጥ ከኋላ ተቀመጡ፣ የወንበሩን አቀማመጥ በወረቀት ሳሉ፣ መምህሩ ተማሪ በጠየቀ ቁጥር ያ ልጅ ወንበር ላይ አንድ ጭረት አድርጉ። 40 ደቂቃው ሲያልቅ ስዕላችሁን እዩት፣ ጭረቱ የት ተከማቸ? የፊት ረድፍ ነው? ወንዶቹ ጋ ነው? ጭራሽ ያልተጠየቀው ማዕዘን የቱ ነው? «ገባችሁ?» ሲባል ሁሉም በአንድ ድምጽ «አዎ!» የሚለውን ለብቻው ቁጠሩት፣ እሱ ጥያቄ አይደለም፣ ማን እንደገባው ማን እንዳልገባው የሚነግራችሁ ነገር የለም።

ቀጥሎ ጊዜ ቁጠሩ። ሜሪ በድ ሮው የምትባል ተመራማሪ መምህራን ከጠየቁ በኋላ ዝም ብለው የሚጠብቁት 1 ሰከንድ ገደማ ብቻ መሆኑን፣ ወደ 3 ሰከንድ ከፍ ሲያደርጉት ደግሞ የተማሪው መልስ እንደሚረዝምና «አላውቅም» እንደሚቀንስ አሳይታለች። ፕራክቲከም ስትወጡ ጠይቃችሁ በሆዳችሁ እስከ ሦስት ቁጠሩ። 3 ሰከንድ ክፍል ፊት ቆሞ ዝም ማለት በጣም ነው የሚረዝመው፣ እጅ የሚወጣው ግን ብዙ ጊዜ እዚያ ዝምታ ውስጥ ነው። የመጀመሪያ ቀን ያያችሁትን ደግሞ ብዙ አትመኑት፣ መምህሩ ሱፐርቫይዘር የመጣ ስለሚመስለው፣ ልጆቹም ስለሚያዩአችሁ ሁሉም ይስተካከላል። ሁለተኛ ሦስተኛ ቀን ስትለመዱ ነው እውነተኛው ክፍል የሚታየው።

ሶሲዮሎጂ ላይ የማየው ትልቁ ችግር ኢንተርቪው ነው። ልጆች እድር ጸሐፊ ጋ ሄደው «የእድር ማህበራዊ ጠቀሜታ ምንድን ነው?» ብለው ይጠይቃሉ፣ ሰውየውም የስብሰባ ንግግር ያደርግላቸዋል፣ መተሳሰብ፣ አንድነት፣ ባህላችን፣ አለቀ። እንደዚህ አትጠይቁ። «ጋሼ፣ በቅርብ ጊዜ ሰፈር ውስጥ ሰው ሲሞት መጀመሪያ የሰማው ማን ነው? ከዚያ ማን ለማን ነገረ? ድንኳኑን እነማን ተከሉ? ያልመጣ ሰው ነበር? እሱስ ምን ይደረጋል?» በሉ። ያኔ ታሪኩ ይመጣል፣ ቅጣቱ ስንት እንደሆነ፣ መዋጮውን መክፈል ያቃታትን ሴት እንዴት እንዳለፏት፣ ተከራዮች ለምን አባል መሆን እንደሚከብዳቸው። መተዳደሪያ ደንቡን እንዲያሳዩአችሁ ለምኑና ከነገሯችሁ ጋር አስተያዩት፣ ወረቀቱና የሚደረገው የሚለያዩበት ቦታ ላይ ነው ኢንፎርማል ኖርም (ያልተጻፈ ደንብ)፣ ሶሻል ካፒታል (ሰው ከግንኙነትና ከመተማመን የሚያገኘው አቅም) የሚባለው ሁሉ ነፍስ የሚዘራው። ሴቶቹን ለብቻ አናግሩ፣ የሴቶች እድር ካለ ደግሞ እሱንም፣ ወንዶቹ ካወሩላችሁ በጣም የተለየ ነገር ልትሰሙ ትችላላችሁ።

ማስታወሻችሁን በዚያው ቀን ማታ ጻፉ፣ ለነገ ካላችሁት አለቀለት። ገጹን ለሁለት ክፈሉት፣ በግራ ያያችሁትና የሰማችሁት፣ በቀኝ የመሰላችሁ። «ሴትዮዋ ተናደደች» ግምት ነው፣ በቀኝ ይሁን። «መዝገቡን ሳታየው ዘግታ ጠረጴዛው ላይ ወረወረችው» ደግሞ ያያችሁት ነው፣ በግራ። መጀመሪያ ላይ ቀኝ በኩል ብቻ ነው የሚሞላው፣ ስትለማመዱ ግራው እየጨመረ ይሄዳል፣ ይሄን አንድ ልማድ ብቻ ብትይዙ ራሱ ከብዙ ሰው ትሻላላችሁ።

አሁን በጣም የምለምናችሁ ነገር። ጓደኛችሁን ዲያግኖስ አታድርጉ። ፒኤችኪው-9 የሚባለው የድብርት መለኪያ መጠይቅ ኢንተርኔት ላይ በነጻ ይገኛል፣ 9 ጥያቄ ነው፣ እስከ 27 ነጥብ ይደመራል፣ ቀላል ይመስላል፣ ግን 9ኛው ጥያቄ ሞትን ስለመመኘትና ራስን ስለመጉዳት ነው፣ አንድ ልጅ «በየቀኑ» ብሎ ቢመልስላችሁ ምን ልታደርጉ ነው? መምህር በቅርብ ሳይከታተላችሁ ለአሳይመንት ብላችሁ ማንም ላይ አትሙሉት። ስታወሩት ሳታስቡት እንደዚህ ያለ ነገር የነገራችሁ ሰው ካለ ደግሞ ዳታ መሰብሰቡን አቁሙ፣ ብቻውን አትተዉት፣ ወደ ግቢው ካውንስሊንግ ወይ ክሊኒክ አብራችሁት ሂዱ፣ አዲስ አበባ ከሆናችሁ አማኑኤል ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል አለ። በሌላውም ቢሆን ስም አትጻፉ፣ ሳታስፈቅዱ ድምጽ አትቅረጹ፣ ልጆች ከሆኑ ወላጅም ልጁም እሺ ይበሉ፣ እምቢ ያለን ሰው አታግባቡ።

ደብዳቤን በተመለከተ፣ ብዙ ሰው ከዲፓርትመንት የትብብር ደብዳቤ አጽፎ፣ ማህተም አስመትቶ በቀጥታ መዝገብ ቤት ያስገባና ይጠብቃል፣ ይጠብቃል። እናንተ መጀመሪያ ጠዋት በአካል ሄዳችሁ ርዕሰ መምህሩን ወይ ሰብሳቢውን አናግሩ፣ ምን እንደምትፈልጉ፣ ስንት ቀን እንደምትቆዩ በአጭሩ ንገሩ፣ ደብዳቤው ከዚያ ይምጣ። የምትሰጡትም ነገር ይኑር፣ ቅዳሜ ልጆች ማስነበብ ወይ የተዝረከረከ መዝገብ ማደራጀት ሊሆን ይችላል።

ዳታውን በወረቀት መልቀም ከሰለቻችሁ ኮቦ ቱልቦክስ በስልክ በነጻ ይሰራል፣ ኔትወርክ በሌለበትም ይሞላል። ለትንተና ደግሞ ክራክ የተደረገ ኤስፒኤስኤስ (የሚከፈልበት የስታቲስቲክስ ሶፍትዌር) ፍለጋ ላፕቶፓችሁን በቫይረስ አትግደሉት፣ ጃሞቪ ነጻ ነው፣ ለኛ ደረጃ ከበቂ በላይ ነው። ትልቅ ዳታ መንካት የሚፈልግ ያንግ ላይቭስን ይይ፣ እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ እዚሁ ኢትዮጵያ ውስጥ ወደ 3,000 ልጆችን እየተከታተለ ያለ ጥናት ነው፣ ዳታው ተመዝግቦ ለሚጠይቅ ተመራማሪ ይሰጣል።

ስትጨርሱ ያገኛችሁትን በአንድ ገጽ፣ በአማርኛ ወይም በአካባቢው ቋንቋ፣ ቃላት ሳታበዙ ጻፉና ለፈቀዱላችሁ ሰዎች መልሱ። መምህሩ የጭረቱን ስዕል ያለ ክፍሉ ስምና ያለ ወቀሳ ለብቻው ይየው፣ የእድሩ ሰዎችም ያነብቡትና «ይሄ ትክክል ነው፣ ይሄን ግን አልገባሽም» ይበሏችሁ። ያቺን እርማት ደብተራችሁ ላይ በግራ በኩል ጻፏት፣ ቀጣዩ ሳምንት ጥያቄያችሁ ከእሷ ነው የሚጀምረው።